የዑረይጃው ካውያና የእኔ ሁለት መቶ ሃያ

መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም እስቃለሁ። ወሎ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት ገባ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ከክፍሉ ጣሪያ ላይ የአምፖል ማንጠልጠያ ወርዶ ነበር፤ አምፖል ግን ገብቶበት አያውቅም። እኔ በጠመኔ አንድ ባትሪ እስላለሁ፣ አንድ አምፖል እስላለሁ፣ በመስመር አገናኛቸውና "ከረንቱ በዚህ ዞሮ በዚህ ይመለሳል" እላለሁ። ተማሪዎቼ አምነውኝ ይጽፋሉ። ምን ያድርጉ!

አሠራራችን ያው ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን። መጀመሪያ የተሰጠህን ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ የሚፈለገውን፣ ከዚያ ትሠራለህ። ቮልቴጅን ለከረንት ብታካፍል ሬዚስታንስ ታገኛለህ፤ ቮልቴጅን በከረንት ብታባዛ ፓወር ታገኛለህ። ጊቭኑ ላይ ታዲያ ከረንቱ ከጥያቄ ጥያቄ ይለዋወጣል እንጂ ቮልቴጁ ሁልጊዜ ሁለት መቶ ሃያ ነው። የተማርኩት በሁለት መቶ ሃያ፣ ያስተማርኩት በሁለት መቶ ሃያ፣ የፈተንኩት በሁለት መቶ ሃያ። ጊቭን ሳይጽፍ የሠራ ተማሪ መልሱን በትክክል ቢያመጣ እንኳ ሁለት ማርክ እቀንስበታለሁ። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይንህን የምታይ ልጅ ነች።

"ቲቸር፣ ይሄ ግን ለምን ይጠቅማል?"

እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር። በቤታችንም፣ በቤታቸውም፣ በትምህርት ቤቱም መብራት የለ። አላውቅም ማለት ደግሞ ያን ጊዜ ሞት መስሎ ይታየኛል። "ለፈተና!" አልኳት ቆጣ ብዬ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፤ ተቀመጠችና መጻፏን ቀጠለች።

ዛሬ ሪያድ ነኝ። እንዴት መጣህ አትበሉኝ፤ የመጣበት ያውቀዋል። መንሱራ ውስጥ በአንድ ክፍል ለስምንት እንኖራለን። ቀን ቀን ጀራዲያ አካባቢ አዲስ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ እሸከማለሁ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦ መስመር ግድግዳ ላይ እቦረቡራለሁ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የለኝም፤ ፖሊስ "መታወቂያህን" ካለኝ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ተጠርዣለሁ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ቲቸር ይሉኛል። ስልክ ሲደርቅ ቲቸር፣ ማራገቢያ ሲቆም ቲቸር፣ ወጥ ሲያርም ቲቸር። ይሄ ስም ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ሁሉ ኑሮ አብሮኝ የመጣው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ረቡዕ፣ በምሳ እረፍት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጋደም ባልኩበት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ቲቸር ነዎት?"

"ነኝ። ማን ልበል?"

"ይሄ ለምን ይጠቅማል ብዬ ጠይቄ፣ ክፍሉን ሁሉ ያሳቁብኝ ልጅ ነኝ።"

ወይ ጉድ! ያን ያህል ዓመት አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እፍረቱ ጀራዲያ ድረስ መጣብኝ። ቁጥሬን ያገኘችው ከአገራችን ልጅ ነው። ዑረይጃ የሚባለው የሪያድ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራለች። እናትና አባቷን ጠየቅኳት፣ እሷም የእኔን ጠየቀችኝ። ከዚያ የደወለችበትን ጉዳይ ነገረችኝ።

የቤቱ መብራት ይጠፋል። ዝም ብሎ አይጠፋም፣ እሷ ሥራ ስትጀምር ነው የሚጠፋው። ጠዋት ጠዋት ኩሽና ውስጥ የባባን፣ የቤቱን ጌታ፣ ነጭ ቀሚሶች ስትተኩስ "ጣ!" ይልና የኩሽናው ብሬከር ይወርዳል። መብራቱም፣ ፍሪጁም፣ ሁሉም ፀጥ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጡ፤ መጥቶ አየ፣ ነካካ፣ "ሁሉም ደህና ነው" ብሎ ሄደ። እሱ በሄደ በማግሥቱ እንደገና ጠፋ። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ማዳም በመጨረሻ ፈረደች፤ የዚች ልጅ እጅ ነው፣ የነካችው ነገር አይበረክትም። አንድ ጊዜ ከደገመ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ ብላለች። መክተብ የምንለው ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው፤ ወደዚያ የተመለሰች ልጅ ቀጥሎ ማን ቤት እንደምትወድቅ አላህ ነው የሚያውቀው።

"አይዞሽ፣ ሌላ ቤት አይጠፋም" አልኳት፣ ሰው የሚለው ሲያጣ የሚለውን።

"ቲቸር፣ እዚህ ቤት ክፍሌ ቁልፍ አለው" አለች።

ከዚህ በፊት የሠራችበት ቤት እንዴት እንደነበር አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ከተጋደምኩበት ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

"ካውያው ላይ የተለጠፈ ነገር አለ። ዋቱን ንገሪኝ።"

"አንድ ሺህ አምስት መቶ ይላል።"

"እሱን ስትተኩሺ ሌላ ምን ይበራል?"

"የሻይ ውሃ ማፍያው። ውሃው እስኪፈላ ቀሚሱን እጨርሳለሁ ብዬ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምሠራው። እሱም አንድ ሺህ አምስት መቶ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ ቲቸር፣ ላንብብልዎት?"

"ሌላው አያስፈልግም፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ። ብሬከሩ ላይ ስንት ይላል?"

"አሥራ አምስት።"

እርሳስ ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። ከረጢቱን ገለበጥኩ። እዚያ አቧራ ውስጥ ተቀምጬ፣ ወላሂ፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዳልነበር ሆኖ አስተማሪነቴ ተመለሰልኝ። ጊቭን አልኩና ሁለት መቶ ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሺህ ዋት ለሁለት መቶ ሃያ ሲካፈል አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት አምፒር። ብሬከሩ እስከ አሥራ አምስት ይችላል። ያልተጠየቅሁትንም አስከተልኩ፤ የካውያው ሬዚስታንስ ሠላሳ ሁለት ኦም ነው፣ ጤነኛ ካውያ ነው አልኳት። በዓይኔ ያላየሁትን ካውያ መረመርኩት!

"ስለዚህ ካውያውም ማፍያውም ምንም የላቸውም። ሁለቱን አንድ ላይ ማብራት ትችያለሽ፣ ይችላል። የወረደው በአጋጣሚ ነው። ምንም አትፍሪ።"

"እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?"

"ፊዚክስ ነው'ኮ! እኔ አይደለሁም ያልኩት።"

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እዚያ ቤት እንግዳ ሞልቷል። እሷ ቃሌን ይዛ፣ የሻይ ውሃውን ጥዳ፣ የልጆቹን ልብስ መተኮስ ጀመረች። ማዳም "ኧረ ተይ፣ ዛሬ ደግሞ እንዳታጠፊብን" ብትላት፣ "ምንም አይሆንም ማዳም፣ አገር ቤት ያስተማረኝ አስተማሪ ሠርቶ አይቶታል" አለቻት። ይሄንን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጣ! እንግዳው ሁሉ፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ መብራቱ በጠፋበት ኩሽና በር ላይ ተሰብስቦ እሷን ሲያይ ቆመ። ማዳም ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። ነገ ጠዋት ባባ ወደ መክተብ ይወስድሻል፣ ዕቃሽን አዘጋጂ አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። እኛ ክፍል ዓርብ ስለሆነ ሁሉም አለ፤ ሁለቱ ይተኛሉ፣ አንዱ ያበስላል፣ ሌሎቹ ካርታ ይጫወታሉ። ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የምን ልቅሶ! ተናዳለች።

"ቲቸር፣ ጉድ ሠሩኝ! ይችላል አላሉኝም? ይችላል ብለውኝ አይደለም?"

ካርታው ቆመ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

"እህቴ፣ አላውቅም። ሒሳቡ ትክክል ነው። አሥር ጊዜ አይቸዋለሁ።"

"እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ቀስ ብለው።"

"ጊቭን፣ ቮልቴጅ ሁለት መቶ ሃያ..."

"ቆይ። ሁለት መቶ ሃያን ማን ሰጠህ?"

አንተ አለችኝ! በንዴት ይሁን በመርሳት፣ ያቺ ዓይኗን ቀና አድርጋ የምታየው ልጅ አንተ አለችኝ፣ እኔም ልክ ነች አልኩ በልቤ። በእውነት ማን ሰጠኝ? መጽሐፉ ነው የሰጠኝ። መጽሐፉ ደግሞ የእኛ አገር መጽሐፍ ነው፣ ስለ ዑረይጃ ኩሽና የሚያውቀው ነገር የለም።

"እኔ እዚህ ከካውያው ላይ የማነበው ሌላ ነው" አለች። "ያን ቀን ላንብብልዎት ስል አያስፈልግም አሉኝ። አንድ መቶ ሃያ ሰባት ቮልት ይላል። ማፍያውም አንድ መቶ ሃያ ሰባት ይላል።"

ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ እዚህ አገር አሥር ዓመት የቆየው፣ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ደርሶት፣ እጁን በእጁ አጨበጨበ። "አይ ቲቸር! የድሮ ቤት ነዋ! በድሮ ቤት የግድግዳው ሶኬት አንድ መቶ ሃያ ሰባት ነው፤ ሁለት መቶ ሃያው ለአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። አታውቅም እንዴ?" አላውቅም ነበር። እኔ የምሠራው አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፤ ያውም ሲሚንቶ ተሸካሚ ነኝ።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁትና መሬት አስቀመጥኩት። የተኙትም ተነሱ፤ ስምንታችንም ከበብነው። "በይ አንቺ ሥሪው" አልኳት። "እኔ ልሰማሽ።"

"ጊቭን" አለች። "ቮልቴጅ አንድ መቶ ሃያ ሰባት። ፓወር ሦስት ሺህ። ሪኳየርድ፣ ከረንት። ሦስት ሺህን ለአንድ መቶ ሃያ ሰባት..." በቲሹ ካርቶን ጀርባ ላይ እንደምትጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማል። "ሃያ ሦስት ጊዜ ይደርሳል። ሰባ ዘጠኝ ቀረ። ዜሮ ልጨምር..."

"ስድስት ጊዜ!" አለ የሚያበስለው ልጅ ጭልፋውን ይዞ።

"ሃያ ሦስት ነጥብ ስድስት። አምፒር።" "ብሬከሩ አሥራ አምስት ነው። ቲቸር፣ ይሄ ፍሪጁን ሳንቆጥር ነው።"

"ፍሪጁን ሳንቆጥር ነው።"

"የበፊቷ ልጅ መጀመሪያ ሻይዋን ታፈላለች፣ ስትጨርስ ትተኩሳለች ብለውኛል። ቀስ የምትል ነበረች ይላሉ።" እስትንፋሷ ይሰማኛል። "እጄ አይደለም ማለት ነው። ቲቸር፣ እጄ አይደለም።"

"እጅሽ አይደለም እህቴ። ፍጥነትሽ ነው።"

የሚያበስለው ልጅ ፊቱን አዙሮ ሽንኩርቱን አማረረ። እኔ ሽንኩርቱን እንኳ ማመካኘት አልቻልኩም፤ በሰው ፊት ዓይኔ እንባ ሞላ። ካውያውን ደግሞ እንዳትረሱት፤ ሠላሳ ሁለት ኦም ነው ያልኩት ካውያ፣ ቮልቴጁ በትክክል ሲገባ አሥራ አንድ ኦም እንኳ አይሞላም። በስልክ ሦስት እጥፍ አድርጌው ነበር።

"አሁን ማዳም ሒሳብ ትሰማለች?" አለችኝ።

"ሒሳብ አትሰማም። ዓይኗ እያየ አሳዪያት። አንቺ ግን ምንም አትንኪ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ሐሳቤ ስልኩ ዘንድ ነበር። ግድግዳውን ያለ መስመር ቦረቦርኩና አለቃዬ፣ ሙዓሊም የምንለው የመናዊ፣ ጮኸብኝ። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ እሱም ጭንቅ ያዘው መሰለኝ፣ በየሩብ ሰዓቱ "ደወለች?" ይለኝ ጀመር። ኢንሻአላህ ትደውላለች እለዋለሁ፣ እኔ ክርስቲያኑ። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ሳስገባ ስክሪኑ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆነ። ዝሁር ተሶግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል ጮኸ።

"ቲቸር!" ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። ባለሁበት ተቀመጥኩ።

ጠዋት ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። ማዳምን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ "እኔ አልነካም፣ እርስዎ ያብሩት።" ራሷ ከፍሪጁ አጠገብ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። ማማ፣ የባባ እናት፣ ወንበራቸውን ኩሽና በር ላይ አስደርገው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ማዳም ማፍያውን ብቻ አበራች፣ ውሃው ፈላ፣ ምንም የለም። ካውያውን ብቻ አበራች፣ ጋለ፣ ምንም የለም። "አሁን ሁለቱንም" አለቻት። ማዳም ሁለቱንም በገዛ እጇ አበራች። ሁለት ደቂቃ ያህል ተጠበቀ። ማዳም ወደ እሷ ዞራ "ይኸው፣ አንቺ ካልነካሽው..." ብላ ሳትጨርስ፣ ጣ!

መጀመሪያ የሳቁት ማማ ናቸው። በዱላቸው ወደ ምራታቸው እየጠቆሙ "ያንቺም እጅ ነው! ያንቺም እጅ ነው!" ይላሉ፣ ሳቃቸው አላቆም አለ። እሷም የቲሹ ካርቶኑን አውጥታ በምትችለው ዐረብኛ አስረዳች፤ ይሄ ይጠጣል፣ ያ ይጠጣል፣ ብሬከሩን እያሳየች፣ ይሄ በር ግን ጠባብ ነው። ማዳም ካርቶኑን ተቀብላ ብዙ አየችው። በዚህ መሃል ባባ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ ገባ። "ያላ፣ ተዘጋጀች?"

"ኸላስ፣ በቃ" አለች ማዳም። "ካውያውንና የመተኮሻውን ጠረጴዛ ወደ ላይኛው ክፍል ውሰድልኝ፤ የዚያ ብሬከር ሌላ ነው።" ባባ ምኑም ሳይገባው ጠረጴዛውን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ።

ይሄን ስትነግረኝ ሙዓሊሙ ጆሮውን ከስልኬ ጎን ለጥፎ፣ አማርኛ የማይገባው ሰውዬ፣ እኔ ስስቅ ይስቃል። ወዲያው ፎቶ ላከችልኝ። የቲሹ ካርቶኑ በፕላስተር ከብሬከሩ ሳጥን በላይ ተለጥፏል። በዚያ በዘጠነኛ ክፍል ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦ "ጊቭን፦ ቮልቴጅ 127። ራሴ ያነበብኩት።" ያቺን የመጨረሻ ቃል ደጋግሜ አየኋት። ስንቱን ልጅ ጊቭን አልጻፍክም ብዬ ሁለት ማርክ ቀንሻለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አንዱንም ጠይቄ አላውቅም።

"እህቴ፣ ያን ቀን ለምን ይጠቅማል ስትይኝ..." አልኳት። "መልሱን አላውቀውም ነበር። ለዚያ ነው የተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ።"

"ኧረ ቲቸር! እኔ መች ተቀየምኩ" አለች። "አሁን ትንሽ ልተኛ ነው፣ ሁሉም ተኝቷል።"

ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ እጇ ላይ ረስታው ይመስለኛል። እግሯ ሲራመድ ይሰማኛል። በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ከዚያ ቁልፉ ከውስጥ ዞረ።